ክር ይረግባል

ማራኪ ግቢ ነው፤ መስኮቱ አይዘጋም፣
ነፋሱ ደብተር ገልጦ ማንበብ አይሰጋም።
አምስተኛው እሙን ሰሌዳው ላይ አለ፣
ካለፈው ማክሰኞ ሳይጠፋ የዋለ፦
«ከመስመሩ ውጪ ነጥብ ቢቀመጥ፣
በነጥቡ አልፎ ያን መስመር የማይቆርጥ
አንድ ብቻ አለ።»

አራቱ እሙኖች አጭር ናቸው፣ ቁርጥ ያሉ፤
የአምስተኛውን ግን ምን አስረዘመው ቃሉ?
እንደዚያ ምስክር፣ ችሎት ፊት ቆሞ
ሳይጠየቅ ገና ሰበብ የሚደረድር አስቀድሞ።
«ከአራቱ ይወለድ» ብለው ሁለት ሺህ ዓመታት
ስንቱ አመሸበት፣ ስንቱ አነደደ መብራት።
እኔም አንድ ሌሊት አመሸሁ። አልተወለደም።
የመጀመሪያው ፈተና፣ ከሃያ፣ ዘጠኝ።
ለአባቴ አልነገርኩም፤ እሱም አልጠየቀኝ።

ሐሙስ ጠዋት መምህር ቢያድግልኝ
ኮርቻ ተሸክሞ ክፍል ገባ።
ደምቢያ ካለው አጎቱ ቤት በአውቶቡስ ያመጣው፣
ረዳቱ «ይኼም ሰው ነው» ብሎ የወንበር ያስከፈለው፣
የላብ ሽታው ያልለቀቀ አሮጌ ኮርቻ።
ጥሩወርቅ በሹክሹክታ፦ «ፈረሱን የት አሠሩት?»
ሰማት። «ፈረሱማ እናንተ ናችሁ» አለና
ጠረጴዛው ላይ ጫነው።

በጠመኔ ሦስት ነጥብ።
ከነጥብ ነጥብ ክር እየወጠረ፣ ቆዳው ላይ እያስተኛ፣
አጭሩን መንገድ ፈልጎ አሰመረ።
ጎነ ሦስት ነው፤ ግን የከሳ፣
ጎኖቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ የሁዳዴ ጎነ ሦስት።
ተራ በተራ ተነስተን ለካን። ፕሮትራክተሩ አልቀመጥ አለ፤
በእጅ ተጭነን፣ ተጨቃጭቀን፣
ደመርን፦ መቶ ስልሳ አንድ።

«አሥራ ዘጠኙ ድግሪ የት ገባ?» አለ አትጠገብ፣
የእድር ገንዘብ እንደጎደለበት ሰው።
«ማንም አልነካውም። ስፍራው ራሱ ነው የጎበጠ።»
በመስኮቱ ወደ ግንቦቹ አቅጣጫ በጠመኔው ጠቆመ፦
«እዚያ ጉልላት ላይ ብትስሉት ደግሞ ይተርፋችኋል።
እዚህ ኮርቻ ላይ፣ በአንድ ነጥብ በኩል
ያን መስመር የማይነካ ስንት ያልፋል? ቁጥር የለውም።
ጉልላቱ ላይ? አንድም።
ዩክሊድ አልዋሸም፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።»
እኔ ግን ሜዳ የት አይቼ አውቃለሁ?
ተወልጄ ያደግሁት ዳገት ላይ ነው።

ቅዳሜ አዘዞ ወረድኩ። አባቴ ጎሹ
ለአንድ የእህል ነጋዴ መሠረት ያስይዛል።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ክሩን እየቆጠረ
ማንም ሳያስተምረው ማዕዘን አሠረ።
«አባ፣ የዚህን ክር ጫፍ ይዤ ሳልዞር ብሄድ፣
ከደምቢያ ማዶ፣ ከጣናም ማዶ፣ እግር በሌለው መንገድ፣
ያኛውም ክር ጎን ለጎን አብሮኝ ቢጓዝ፣
መጨረሻቸው ምንድነው? ይገጥማሉ? ይለያያሉ?»

የኮርቻውን ነገር ነገርኩት። ስለጎደለው አሥራ ዘጠኝ ድግሪም።
ከንፈሩ መሐል የያዘውን ምስማር አወጣ።
«ክር ይረግባል» አለ።
«አሥር ሜትር ካለፈ፣ ማንም ጎበዝ ቢወጥረው፣ ይረግባል።
መሐሉ ላይ ካስማ ካልተከልሽ ግንቡ ሆድ ያወጣል።
ሠላሳ ዓመት ስሠራ ቀጥ ያለ ክር አላየሁም።»
ምስማሩን መልሶ ከንፈሩ መሐል አደረገ፣ እንደገና አወጣው፦
«ቀጥ ያለ ግንብ ግን ሠርቻለሁ።»

ይህን የት ልጻፈው? በየትኛው ገጽ፣
ከየትኛው እሙን በታች?

«ፈተናው ስንት መጣልሽ?»
«ዘጠኝ።»
«ከስንት?»
«ከሃያ።»
ሲሚንቶ የደረቀበትን ጣቱን ቆጠረ፣ ተወው፣
የክሩን ጫፍ አቀበለኝ። «ሂጂ፣ እዚያ ድንጋይ ጋ ያዢው።»
ሄድኩ። ሳብኩት። እሱም ሳበ።
በመሐላችን፣ ካላወቁት በዓይን የማይታይ ያህል፣
ረገበ።
«ወደ ግራ» አለኝ።
ወደ ግራ ሄድኩ።
«በዛ።»